ልቃቂትን የሚጽፍ አንድ ሌላ ሰው

ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛ ኖራለች። «ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይጽፍም፤ ሰላም ነሥቶናል።» ይህችው ናት። የጻፈውን ሰው መልኩን አይታ አታውቅም፣ ድምፁንም ሰምታ አታውቅም፤ መንገድ ላይ ቢያጋጥማት ግን አንገቱን ይዛ ምን ምን እንደምትለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታውቀዋለች። ሰውየው የሹራብ ማሽን ያላቸው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚገናኙበት የአንድ ትልቅ ግሩፕ አድሚን ነው። እሷ «ዘበኛው» ትለዋለች። «ይህ ሰው» የተባለው ደግሞ የእናቷ ልጅ፣ እጇ ላይ ያደገ ታናሽ ወንድሟ ነው።

እሷን የገበያ ሰው «ፍንክች» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት ከጎኗ ያለችው ካልሲ ሻጭ ናት። አንድ ጊዜ የገበያው ኃላፊ በዚያ መደዳ ያሉ ሱቆች በሙሉ ወደ ጓሮ ይዛወሩ ብሎ ሁሉም ዕቃውን ሸክፎ ሲሄድ፣ እሷ ማሽኗ ፊት እንደተቀመጠች «ፍንክች አልልም» አለች። በሦስተኛው ሳምንት የሄደው ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በስሟ የሚጠራት የለም።

ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ማንበብ ታነባለች፤ ጣቷን ፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ። በእጅ የሚገፋውን የሹራብ ማሽን ዓይኗን ጨፍና ትሠራበት ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ግን በኮምፒውተር የሚታዘዘውን አስገባችና ጉድ ፈላ። ማሽኑ የሚሰማው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ ቅንፍና ሰረዝ፣ የተጣመመ ምልክትና የባዕድ ፊደል የሞላበት። ሁሉም የሚጽፈው በእሱ ስለሆነ ግሩፑ ውስጥ «ትልቁ» ይሉታል። ሁለት ወር ታገለችው። አንዲት ሰረዝ ካመለጠቻት ማሽኑ እንደ በቅሎ ቆሞ ይቀራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ሲመጣ ማሽኑ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አገኛት።

ወንድሟ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። አይዞሽ እንኳ አላላትም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «እስቲ እትዬ፣ እጅጌ እንዴት እንደሚሠራ ለኔ ንገሪኝ። ለሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ» አላት።

«ከግራ ትጀምራለህ። ሃምሳ ሁለት የክር ቀለበት ትይዛለህ። በየስድስተኛው መስመር ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ትጨምራለህ። ምኑ ይከብዳል?»

«ምንም አይከብድም» አለና ጻፈው።

ከስምንት ወር በኋላ ማሽኑ ልክ እንደዚያ ሲነገረው የሚሰማ ሆነ። ወንድሟ የእሷን አነጋገር ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያስረዳ ቋንቋ ሠራላት። ስሙን ልቃቂት አለው። የመጀመሪያው እጅጌ ከማሽኑ ሲወርድ፣ እሷ እልልታዋን አቀለጠችው። እሱ ደግሞ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ሳቀ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር ይዞ ነበር ወደ ግሩፑ የገባው። ስጦታ ይዞ። ያባረሩት ለታ ቤት መጥቶ «ቀኑ፣ እትዬ። ሌላ ምን ይሆናል?» አላት። አመነችው። ምን ቆርጧት አታምነውም?

ከዚያ በኋላ ልቃቂትን የሚጽፉ ሦስት ሰዎች መጥተው ነበር። አንዱ ማሽኑን ሸጠ፣ አንዱ ወደ ትልቁ ሄደ፣ ሦስተኛው ድምፁ ጠፋ። እሷ ብቻ ቀረች።

*

ዘንድሮ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ወንድሟ ሱቋ ድረስ መጣ። ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል። እሑድ እሑድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ከጀመረም ቆይቷል፤ እሷ ግን ድካም ነው እያለች ራሷን ስታታልል ነበር።

«ልዘጋት ነው» አላት።

«ማንን?»

«ልቃቂትን። የምትቀመጥበት ኮምፒውተር አርጅቷል፤ አሠሪዬ በወሩ መጨረሻ አውጥቶ ሊጥለው ነው። ወደ ሌላ ማዛወር ነበረብኝ። አላዛውራትም።»

«አሞሃል እንዴ?»

«ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ያለችው እስክትበላሽ ትሠራልሻለች። ከዚያ ወዲያ እኔ እጄን አላስገባም። ደክሞኛል፣ እትዬ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ የጻፍኩት አንድ ሰው ብቻ የሚናገረው ነገር ነው። የአንድ ሰው ቋንቋ ቋንቋ አይባልም፤ ጥቅሻ ነው።»

«እና እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺ እህቴ ነሽ።»

ካልሲ ሻጯ ከጎን ሆና ሁሉንም ስትሰማ ነበርና ጣልቃ ገባች። «ምነው አንተ፣ እህት ከሰው ተራ ከወጣች እኛማ ወዴት ልንገባ ነው?» ማንም አልሳቀላትም።

ፍንክች እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። «ስማ። አንድ ሌላ ሰው ቢገኝስ? አንድ ብቻ። ከእኔ ሌላ በልቃቂት የሚጽፍ።»

«ከየት?»

«ከየትም ይምጣ። ቢገኝስ ነው የምልህ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ከተገኘ አዛውራታለሁ። አይገኝም እንጂ።»

ሲሄድ ጀርባውን አየችው። አባታቸው ታሞ አልጋ ሊይዝ ሰሞን እንዲህ ነበር የሚራመደው፣ እግሩን ከመሬት ሳያነሳ። ቋንቋዋን የማጣቷ ነገር አልነበረም ያስጨነቃት፤ ይህ ልጅ ይህችን ከዘጋ ነገ ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ምን እንደሆነ ግራ ገባት። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

*

ያንኑ ቀን ስልኳን አውጥታ ግሩፑ ውስጥ ገባች። የምታውቀው የሽያጭ ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ መጣራት። ገበያ ላይ የማይጣራ ሻጭ ያኮረፈ ይመስላል። «ነይ እህቴ፣ ና ወንድሜ፣ ብታይ ምን አለበት» ማለት ሰላምታ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም ያልተጠራ ነው የሚቀየም። ግሩፑንም እንደዚያ አየችው። አሥራ ሁለት ሺህ ሰው የሚያልፍበት መንገድ! እዚህ መሐል አንድ ሰው ይጠፋል?

አንዲቱ «የአንገቱ ጠርዝ ይጣመምብኛል፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃለች። ፍንክች ሥሯ ጻፈች፦ «እህቴ ያንን ጣጣ ተዪና በልቃቂት ሥሪው፣ ትገላገያለሽ።» አንዱ ማሽኑ መስመር ይዘላል አለ። ጻፈች፦ «በልቃቂት ቢሆን አይዘልም ነበር ወንድሜ።» ሌላው ማሽኔ ይንቋቋል፣ የቱን ዘይት ልጠቀም አለ። እሱንም አላለፈችውም፦ «ዘይቱን ቀባው፣ ከዚያ ልቃቂትን ሞክራት።»

የመጀመሪያው ቀን ሰዎች ሳቁ፤ የሚስቅ ፊት ለጠፉላት፤ ወደዱልኝ አለች። በሁለተኛው ቀን «መጣች ደግሞ» የሚል አየች። በሦስተኛው አንዱ «የጥርስ ሕመም መድኃኒት የምታውቁ፣ ከልቃቂት ሌላ?» ብሎ ጻፈና ሁለት መቶ ሰው ሳቀ። ፍንክች አንጀቷ አረረ፤ ግን ገበያ ላይ ቀልደኛ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ድምፅ መጨመር ነው። ጨመረች። በአራት ቀን ከስልሳ በላይ ጻፈች፤ አውራ ጣቷ አበጠ።

በአምስተኛው ቀን አንዲት ሴት «እናቴ ስላረፈች ለጊዜው ትዕዛዝ አልቀበልም» ብላ አስታወቀች። ፍንክች ከልቧ አዘነች። «ነፍስ ይማር፣ መጽናናቱን ይስጥሽ እህቴ» ብላ ጻፈች። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! ጣቷ ግን ለምዶበት ሄደ፦ «ወደ ሥራ ስትመለሺ ልቃቂትን ሞክሪያት፣ ሐሳብ ትቀንስልሻለች።»

ግሩፑ እንደ ንብ ቀፎ ተነሳባት። ነውረኛ ያላት አለ፤ ሰው ነሽ ወይ ያላት አለ። ሐዘንተኛዋ ራሷ ምንም አልጻፈችም፤ ይህ ነው የባሰው። ፍንክች ጽሑፏን ልታጠፋ ብትሞክር ከዕፍረት የተነሳ ማጥፊያውን አጣችው። ጥቂት ቆይቶ የዘበኛው መልእክት ለብቻዋ መጣላት።

«እህት፣ ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። የዚህን ቋንቋ ስም እዚህ አንድ ጊዜ እንኳ ደግመው ካነሱ ከግሩፑ ይወጣሉ። ከዓመታት በፊት እንዲሁ ያደረገ ሰው ነበር። ይተዋወቃሉ?»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰባት ዓመት የጠበቀችው ሰው ይኸው፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ ጠየቃት። ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ነገር ግን አዎ ካለች ያባርራታል፤ ካባረራት ያ አንድ ሰው አይገኝም።

«አላውቀውም» ብላ ጻፈች።

ላከችው። ከዚያ ስልኩን ማሽኑ ላይ ደፍታ ተቀመጠች። በገዛ ወንድሟ ላይ «አላውቀውም»! ካልሲ ሻጯ ምሳ እንብላ ብትላት ብቻሽን ብዪ አለቻት።

*

በማግስቱ ያን የድሮ ጭቅጭቅ ፍለጋ ገባች። ሐሳቧ ዘበኛው ወንድሟን ያለ ጥፋቱ እንዴት እንዳባረረው ከነማስረጃው አውጥታ ፊቱ ላይ ልትወረውርለት ነበር። ከአፍ ሰምታው እንጂ አንብባው አታውቅም። ገበያው ጭር ብሏል፤ ዝናብ ስለሚያስፈራራ ሰው የለም። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ከላይ ጀመረች።

ጠያቂዋ አንዲት ጀማሪ ናት። «ልጄ ሰኞ ትምህርት ትጀምራለች። ሹራቧን ራሴ ልሥራላት ብዬ ትከሻው ላይ ክሩ ይላቀቅብኛል። በትልቁ ነው የምጽፈው። እባካችሁ።» ከሥሯ ወንድሟ ነው፦ «ትልቁን ተዪው፣ እኔ ጋ ልቃቂት የሚባል አለ።» ሴትዮዋ አመስግና ጊዜ የለኝም አለች። ወንድሟ የልቃቂትን ጥቅም ዘረዘረ። ሌላ ሰው ስለ ትከሻው ሊመልስ ሲጀምር ወንድሟ መሐል ገባ። ደገመ። ሠለሰ። ፍንክች መቁጠር ጀመረች፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ሴትዮዋ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ የጠየቅሁት ስለ ትከሻ ነው» አለች። እሱ ምን አላት? «ልቃቂትን ብትይዢ ኖሮ ትከሻ አይጠየቅም ነበር።»

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አልጻፈችም። ሌሎቹ እርስ በርስ ተሰዳደቡ። ከዚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር መጣች፣ «ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ» የምትለዋ። ፍንክች እዚያ የሚያበቃ መስሏት ነበር። አያበቃም። ከሥሯ ዘበኛው ለሴትዮዋ ስለ ትከሻው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎላታል፤ የትኛው መርፌ ላይ፣ በየትኛው መስመር፣ ከነሥዕሉ። መጨረሻው ላይ «እስካሁን እዚህ ካሉ ነው፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ» ይላል። መልስ አልተሰጠውም።

ፍንክች ስልኩን አስቀመጠችና እጇን አየች። ሰባት ዓመት አንቆ የያዛት ነገር ውስጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ይህ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ሸክም ወረደ አይደል? ግን ሰው በንዴት ቆሞ ከኖረ ንዴቱን ሲወስዱበት መደገፊያ ያጣል። አሁን የምትጮህበት ሰው እንኳ የላትም።

እስኪመሽ ሳትቆይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድሟ ቤት ሄደች። አልጋው ላይ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን?»

«ሴትዮዋ ስለ ትከሻ እንደጠየቀችህ።»

«እየረዳኋት መስሎኝ ነበር እኮ።»

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜ?»

«ቆጠርሽው?»

«እኔ በአራት ቀን ስልሳ ጽፌ መጣሁ፤ ምን ልቁጠር ሌላ!» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ሁለታችንም ያው ነን። የአንድ እናት ልጆች መሆናችን ያስታውቃል።»

እሱ ቀና አለ። «አንቺ ደግሞ ገባሽ? እዚያ? ማን ግቢ አለሽ?» ከዚያ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ተይው በቃ፣ እትዬ። እስካሁን ያፌዙብኝ ይበቃል።»

«አላውቀውም» ማለቷን ልትነግረው አፏን ከፈተች። አልቻለችም። ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አለበሰችውና ወጣች።

*

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አታውቀውም። ግሩፑን እየከፈተች ታነባለች፣ ምንም ሳትጽፍ ትዘጋለች። የወሩ መጨረሻ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ደግሞ አዲስ መከራ መጣ። አንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ሹራብ አዞ ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ እጅጌው ላይ ነጭ መስመር ያለው። የመጀመሪያው እጅጌ ዘጠና ስድስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ፣ ነጩ ሊጀምር ሲል፣ በግራ ጫፍ አንድ ቀለበት ከመርፌው ላይ ወደቀች። አንድ ቀለበት ከወደቀች እጅጌው ከዚያ ወደ ታች እንደ መሰላል ይተረተራል። ፈታችው፣ ደገመችው። ዘጠና ስድስት ላይ ወደቀች። መርፌ ለወጠች። ወደቀች። ክር ለወጠች። ወደቀች። ሦስት ቀን ስትሠራና ስትፈታ ክሩ ሻክሮ አለቀ።

ለወንድሟ ደወለች። «ዘጠና ስድስት ላይ ቀለበት ትጥላለች፤ ምን ሆና ነው?»

«ሞታለች በያት።»

«ሠላሳ ሹራብ ነው ያለብኝ እኮ!»

«እትዬ፣ ሬሳ አታስነሺኝ» አለና ዘጋው።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ካልሲ ሻጯ የሆነ ነገር አለቻት፤ አልሰማቻትም። የተተረተረው እጅጌ ጭኗ ላይ ነው። ስለ እጅጌ የሚያውቁ አሥራ ሁለት ሺህ ሰዎች አንድ ቦታ ተሰብስበዋል። ያ ቦታ ስልኳ ውስጥ ነው። እሷ ደግሞ የልቃቂትን ስም አንድ ጊዜ ካነሳች የምትባረር ሴት ናት። እጅጌው የተጻፈው በልቃቂት ነው፤ ለማሽኑ የጻፈችውን ትእዛዝ ሳታሳይ ማንም ሊረዳት አይችልም። ካሳየች ዘበኛው ሌላ ተንኮል ነው ብሎ ያስባል። ቢያስብ ይፈረድበታል?

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለቻት ካልሲ ሻጯ። «ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ልለምን ነው።»

«ምን?»

«እርዳታ። ማንንም ለምኜ አላውቅም።»

«እሱንማ መደዳው በሙሉ ያውቃል» አለች ካልሲ ሻጯ፤ ግን ወንበሯን አምጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ጻፈች፣ አጠፋች። በመጀመሪያ የጻፈችው ልቃቂት ምን ያህል ቀላል እንደሆነች የሚናገር ሆኖ ተገኘ፤ ሳታስበው። አጠፋችው። ሁለተኛውም እንደዚያው። እጇ ከመጣራት በቀር አያውቅም። በመጨረሻ ይህን ጻፈች፦

«ለአድሚኑና ለሁላችሁም። ባለፈው ያሰለቸኋችሁ ሴት ነኝ። ሐዘን ላይ ያለችውን እህት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የምለው የለኝም። አድሚኑ የድሮውን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ ሲሉኝ አላውቀውም ብያለሁ። ዋሽቻለሁ። ወንድሜ ነው። አሁን የመጣሁት ለመሸጥ አይደለም። እጅጌዬ ዘጠና ስድስተኛው መስመር ላይ በግራ ጫፍ ቀለበት ትጥላለች። ሦስት ቀን ሞከርኩ። የምጽፈው እኔ ብቻ በማውቀው ቋንቋ ስለሆነ ትእዛዙን ከነፎቶው ከሥር አስቀምጫለሁ። ሌላ ስለማልችል ነው። ብታባርሩኝም ከማባረራችሁ በፊት የገባው ሰው ካለ ይንገረኝ።»

ከሥሩ ትእዛዙን ለጠፈች። ስድስት መስመር ናት። ላከችው።

ሩብ ሰዓት ምንም የለም። ግማሽ ሰዓት ሆነ። አንድ ሰው የሚስቅ ፊት ለጠፈ። ፍንክች ዓይኗን ጨፈነች። ካልሲ ሻጯ ነበረች የጎሸመቻት፤ «አንቺ፣ መጣ!»

ዘበኛው ነው። «የትእዛዝዎ ሦስተኛ መስመር ላይ ያለው ‹ጨምር› ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ጫፍ?»

ሰላምታ የለ፣ ስድብ የለ። የፍንክች ጣት ተቁነጠነጠ። ስለ «ጨምር» የምትለው ሞልቷት ነበር፤ እንዴት እንደመጣች፣ በትልቁ ቢሆን ስንት ቅንፍ እንደሚፈልግ። ምላሷን ነከሰች። «ወደ ጫፍ» ብላ ጻፈች። ሌላ ምንም።

«ክር የሚቀየረውስ በየትኛው በኩል?»

«በግራ።»

ይህን ጊዜ ወንድሟን በሩ ላይ ቆሞ አየችው። ስልኩን ስለዘጋባት ጸጸት አላስቀምጥ ብሎት ነው የመጣው፤ እጁ ላይ መፍቻ ይዟል። «እስቲ አምጪ፣ ልየው» አለና፣ ወዲያው የስልኳን ገጽ አየ። የማን ስም እንዳለበትም አየ።

«ከሱ ጋር ነው የምታወሪው?»

«ቁጭ በል።»

«እትዬ!»

«ቁጭ በል አልኩህ!»

ካልሲ ሻጯ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችለት። እሱ ሳይቀመጥ ቆሞ ከላይ ጀምሮ አነበበ፤ እሷ የጻፈችውን። «አላውቀውም ብያለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። አየችው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

መልስ መጣ። «ጭማሪውና የክር ቅያሪው ዘጠና ስድስት ላይ ተገናኝተዋል። መርፌው በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አይችልም። ማሽኔ ላይ ሞክሬ ባረጋግጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቋንቋው ግን የለኝም። ካነበብኩት ገምቼ ጽፌዋለሁ፤ እንዲህ ያድርጉት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሁለት መስመር፦

ዘጠና ስድስተኛው መስመር ላይ ክር ቀይር።
ዘጠና ሰባተኛው መስመር ላይ ከሁለቱም ጫፍ አንድ ጨምር።

ፍንክች ጣቷን ከሥሩ አስኬደች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከሷ ሌላ የሰው እጅ የጻፈው ልቃቂት ነው። ማንም ሳያስተምረው። ወንድሟን ለማየት ፈራች። ትንፋሹ ግን ጆሮዋ ሥር ይሰማታል፤ ተቆራረጠ።

«ተሳስቷል» አለ በሹክሹክታ። «‹ከግራ› አላለም። ሳይነገራት አትነሳም።» ከዚያ እጁ ወደ ስልኩ ሄደ። «አምጪው፣ እኔ ልጻፍለት። ከየት እንደሚያወርዳት ልንገረው፣ ደግሞ አዲሱን ነገር እኮ አያውቀውም፣ ባለፈው ዓመት ያስገባሁት አለ፣ ኪስ የሚሠራው...»

እጁን መታችው። ጠፍ አድርጋ፣ ሕፃን ሳለ ስኳር ሲሰርቅ እንደምትመታው።

«የጠየቀውን ብቻ» አለችው።

«አልጠየቀም እኮ!»

«ካልጠየቀ ዝም ነዋ።»

ካልሲ ሻጯ አፏን በእጇ ሸፈነች። ፍንክች ስልኩን ወደ ራሷ ስባ ቀስ ብላ ጻፈች፣ ፊደል በፊደል፦ «እግዜር ይስጥልኝ። ትክክል ነው። መጀመሪያው ላይ ‹ከግራ› የሚለውን ይጨምሩበት፤ ካልተነገረው ማሽኑ አይነሳም።» አነበበችው። የሚቀነስ ነገር ካለ ብላ ደግማ አነበበችው። የለም። ላከችው።

ከዚያ ስልኩን ማሽኑ ላይ አስቀመጠች፣ ሁለቱንም እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከተተች፣ እንዳይወጡባትም ተቀመጠችባቸው። ወንድሟን በዓይኗ አንተም እንደዚያው አለችው። እሱም መፍቻውን መሬት አስቀምጦ እጆቹን ጭኖቹ ሥር ከተተ፤ ዘበኛው ራሱ እስኪጠይቅ መጠበቅ ነው።